ያለ በቂ ምክንያት

ሲጨበጨብለት ደስ የማይለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ አንቀጽ ግን እሱ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው። ነገር ግን አፉን በከፈተ ቁጥር "አንቀጽ ይህን ያህል፣ ንዑስ አንቀጽ ያን ያህል" ስለሚል፣ የሚያማክራቸው ሰዎች "አንቀጽ" አሉት፤ እሱም ወደደውና በዚያው ጸና። ሥራው በጎ አድራጎት ማኅበራትን በሕግ ማማከር ነው። መተዳደሪያ ደንብ ያረቅቃል፣ ምዝገባ ያስጨርሳል፣ ቦርድ ሲጣላ ደንብ ገልጦ ያስታርቃል፤ አልታረቅ ካሉትም ደንብ ገልጦ ይለያያቸዋል።

የዚያን ዕለት ጠዋት አርባ የሚሆኑ የትንንሽ ማኅበራት ኃላፊዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እየተቁነጠነጡ ያዳምጡት ነበር። ከሻይ በፊት ያለችው ክፉ ሰዓት ናት። ሰዉ ማዛጋት ሲጀምር አንቀጽ የሚያወጣት አንዲት ታሪክ አለችው፤ አወጣት።

"እኔ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የገዛ አክስቴን ከቦርድ አስወጥቻለሁ።"

ያዛጋው ሁሉ አፉን ገጠመ።

"አክስቴ የአንድ ማኅበር መሥራችና ሊቀመንበር ነበረች። ዊልቸርና ክራንች እየጠገነ ለሚያስፈልገው ሰው የሚሰጥ ማኅበር ነው። ደንቡ፣ በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ያልተገኘ የቦርድ አባል አባልነቱ ቀሪ ይሆናል ይላል። ሦስት ጊዜ ቀረች። ቦርዱ ምን ይሻላል ብሎ እኔን ጠየቀ። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ዘመዱ ናት፣ አንድ መላ አያጣላትም ብለዋል። እኔ ኮምፒዩተሬን ከፈትኩ፣ አንቀጹን አነበብኩ፣ ዘጋሁት። እዚያው ቁጭ እንዳለች ቁልፍ አስረከበች።"

ጭብጨባው ቀለጠ። አንቀጽ እንደ ልማዱ እጁን ከፍ አድርጎ "ተዉ እንጂ" አለ፤ እንዲተዉ ግን አልፈለገም።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ከአንድ የሰፈር የአረጋውያን ማኅበር የመጡ ናቸው።

"ሴትዮዋ ግን ለምን ቀሩ?"

"ሕግ ምክንያት አይጠይቅም" አለ አንቀጽ። ይህቺን መልስ ይወዳታል። ሰዉ ሳቀ። ሴትየዋ አልሳቁም። ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ ከሥሩም አሰመሩበት።

ለምን እንደቀረች አንቀጽ አሳምሮ ያውቀዋል። ባሏ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ ሲያወሩ የማይጠገቡ ሰው፣ አንድ ቀን ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ግራ ጎናቸው ከዳቸው። አክስቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሌላው ሰው ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚላት። ሦስት ወር ሙሉ ባሏን ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ ስታፍታታ ከረመች። ስብሰባው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ሦስቱንም ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ለማኅበሩ ጸሐፊ እየደወለች "ዛሬም አልችልም፣ ይቅርታ በሉልኝ" ብላለች። አንቀጽ ራሱ ሆስፒታል ሄዶ ነበር፤ አንድ ጊዜ፣ ብርቱካን ይዞ፣ ለሃያ ደቂቃ።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን እንዲያ ጨከነ? ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው። "ለዘመዱ አደላ" መባልን እንደ እሳት ይፈራል፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ መውጫ የሚፈልግለትን ነገር፣ ለአክስቱ ሲሆን በሁለት ደቂቃ ፈረደ። የዚያን ቀን ጸሐፊዋ "ኧረ ደውለው ነበር እኮ" ብላ ስትጀምር፣ "ሕግ ምክንያት አይጠይቅም" ያላት እሷን ነው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ጣፈጠው። አክስቱ ባሏን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ለአራተኛው ስብሰባ ሮጣ የደረሰች ናት፤ ገና ሹራቧን አላወለቀችም። አፏን ከፈተች፤ ረጅም ጊዜ አየችውና መልሳ ገጠመችው። "ደንቡ ይህን ካለ፣ እሺ" አለች። ከዚያ የወርክሾፑን ቁልፍ ከቁልፎቿ መሐል በጥፍሯ ፈልቅቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

አንቀጽ ተቀይማኛለች ብሎ አሰበ። በረድ ሲልላት እሄዳለሁ አለ። አምስት ወር ሆነው።

ከሥልጠናው በኋላ በሁለተኛው ቀን ጸሐፊዋ ደወለችለት። ማኅበራትን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጋር የተመዘገበው ደንብ የተረጋገጠ ቅጂ ይያያዝ ብሏል። ኦሪጅናሉ ደግሞ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ቢሮ ሲቀየር ጠፍቷል ነው የሚባለው።

"ያንተ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ላትመው?" አለች።

"አይሆንም። ማኅተም ያለበት ነው የሚፈለገው። ከመዝገብ ቤት አወጣዋለሁ" አለ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ፋይሉ በሲባጎ እየታሰረ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ የመዝገብ ሠራተኛዋ አቧራ እንዳይገባባት አፏን በሻርፕ ሸፍና ቴርሞስዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች። ቁጥሩን ሰጣት። መሰላል ወጥታ፣ እያስነጠሰች አወረደችለት፤ ገጽ በገጽ ልታረጋግጥለት ማኅተሟን አዘጋጀች። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ የእጅ እርማት አለ። ሳረጋግጥልህ እርማቱንም ጨምሬ ነው።"

"የእጅ እርማት የለውም" አለ አንቀጽ ፈጠን ብሎ። "ይህን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያስ ጽሕፈቱም ያንተ ይሆናላ" አለችና ገጹን አዙራ ሰጠችው።

ጽሕፈቱ የሱ ነበር። ገና ተመርቆ የወጣ ጊዜ የነበረው፣ ለማማር የሚጣጣረው፣ "ያ"ን ጭራ የሚያወጣላት የወጣትነት ጽሕፈቱ። በሰማያዊ ቀለም፣ ከመስመሩ በላይ፣ በቀስት ተመልክቶ ሦስት ቃል ገብቷል። ዓረፍተ ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው የሚለው፦ "ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ያልተገኘ የቦርድ አባል አባልነቱ ቀሪ ይሆናል።" ከጎኑ የሰባቱ መሥራቾች አጭር ፊርማ አለ። ስድስቱ ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሰባተኛው እየተንቀጠቀጠ ከኅዳጉ ወጥቷል፤ የእናቱ ነው።

አንቀጽ ያን ጠዋት አስታወሰው። ረስቶት አልነበረም እንዳይባል፣ ፈጽሞ ረስቶት ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ እዚሁ ሕንፃ፣ ፎቅ ላይ ያለው የምዝገባ መስኮት ፊት ሰባቱም ተሰልፈዋል። እናቱ ዊልቸር ላይ ናት፤ አክስቱ ከሁለት አሮጌ ወንበር አንድ ሰው የሚይዝ አስበይዳ የሠራችላት፣ ማኅበሩንም ያስጀመረው ያ ዊልቸር ነው። ሊፈርሙ ሲሉ አክስቱ ገጽ ሰባት ላይ ጣቷን ተከለች። "ይሄ ምንድን ነው? እህቴ ታማ ሦስት ስብሰባ ተኝታ ብትቀር ልታባርሯት ነው?" አለች። እናቱ ሳቀች፤ "እንኳን ተኝቼ፣ ነቅቼም አልመጣ" አለች። የመስኮቱ ሠራተኛ "በእጅ ጨምሩና ፈርሙበት፣ ይበቃል" አላቸው። አንቀጽ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቤት ስገባ አስተካክለዋለሁ ብሎም ነበር።

ቤት ገባ። አላስተካከለም። በዓመቱ እናቱ ሞተች፤ ፋይሉ እንደጎደለ ቀረ። ያንኑ የጎደለ ፋይል ለሌሎች ማኅበራትም ስምና አድራሻ እየቀየረ ሰጥቷል። ስንት እንደሆኑ መቁጠር ጀመረና ከአሥራ አራት በኋላ አቆመ።

"ላረጋግጥልህ?" አለች የመዝገብ ሠራተኛዋ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር፤ ከዚያ በታች ደግሞ ወለል የለም። አፈረ። እንዲሁ የሰው ዓይን ፈርቶ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ግን ከአንዲት አቧራ ከሚያስነጥሳት ሴት በቀር ያየው የለም። እናቱን የጠበቁ ሦስት ቃላት በራሱ እጅ ተጽፈው፣ አክስቱን ሳይጠብቁ ቀሩ። "ሕግ ምክንያት አይጠይቅም" እያለ አርባ አርባ ሰው ፊት የቀለደው ደንብ፣ ቃል በቃል ምክንያት ይጠይቃል።

"አረጋግጪልኝ" አለ።

አክስቱ ቤት ደጃፍ ሲደርስ እጁ በሩን ለማንኳኳት እምቢ አለው። ሁለት ጊዜ እስከ መንገዱ ማዕዘን ሄዶ ተመለሰ። በሦስተኛው አንኳኳ።

"ማነው?" አለ የወንድ ድምፅ ከውስጥ። የአክስቱ ባል ናቸው።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"እኔ የሚባል ሰው አናውቅም። አምስት ወር የጠፋ ሰው ስሙን ሙሉውን ይናገራል።"

አክስቱ ናት የከፈተችለት። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከስታለች። ሳመችው፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሳመችው። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ የተቀመጡበት ነገር የቢሮ ወንበር ነው፤ አምስት ትንንሽ ጎማ ያለው፣ የሚሽከረከር። እንዳይወድቁ በወገባቸው ላይ በሰፊ ነጠላ ጨርቅ ከወንበሩ ጋር ታስረዋል።

"ምን ታያለህ?" አሉት። ንግግራቸው በአንድ ጎን ቢጎተትም ነገረኛነታቸው አልተነካም። "መኪናዬ ነው። ፍሬን የለው፣ መሪ የለው። አክስትህ ከኋላ ትገፋለች፣ እኔ ወደፈለገው እሄዳለሁ።"

"ዊልቸር... ማኅበሩ ውስጥ እኮ..."

"ተራ ይዘናል" አለች አክስቱ። "ጎረቤቴ ሄዳ አስመዘገበችልን። ሠላሳ አንደኛ ነን።"

"ሠላሳ አንደኛ? አንቺ?"

"ታዲያ ማን ነኝ? የቦርድ አባል ሳለሁ ለቤተሰቤ መውሰድ አልችልም ነበር፣ ደንቡ ይከለክላል፤ አንተው ነህ የጻፍከው። አሁን ደግሞ እንደ ማንም ሰው ተራዬን እጠብቃለሁ።" ይህን ስትል አሽሙር አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

አንቀጽ ተቀመጠ፤ የተረጋገጠውን ቅጂ ከቦርሳው አውጥቶ ሰባተኛውን ገጽ ከላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አክስቱ መነጽሯን አደረገች፣ ገጹን አየችው፤ ለማንበብ እንኳን አልቆየችም። ተነሥታ መሳቢያ ከፈተች። ሰማያዊ የፕላስቲክ ማኅደር አወጣችና ከጎኑ አስቀመጠችለት። ማኅተም ያለበት ኦሪጅናሉ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም አሁንም ደማቅ ነው።

"ቢሮው የኛ ሳሎን በነበረ ጊዜ የተቀመጠ ነው" አለች። "ጠፋ ስትሉ ሰማሁ። የጠየቀኝ ግን የለም።"

"ታውቂ ነበር።"

"ያስጨመርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?" አለ።

አክስቱ መነጽሯን አወለቀች። "ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ከዚያ አየሁህ፤ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ ሁሉም አንተን እየሰማ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያረቀቅከውን ደንብ አታውቀውም ብልህ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማሃል? ሥራህ ነው። ቤቱ ገብቶ ሲረጋጋ ያየዋል፣ ራሱ ይደውላል አልኩ። መጀመሪያ ቀን ቆጠርኩ፣ በኋላ ሳምንት ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተውኩት።"

አንቀጽ አንገቱን ደፋ።

"እሷ ብትተወው እኔ አልተውም" አሉ ጋሼ። በደህና እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ መቱ። "ሠላሳ አምስት ዓመት መሪ ይዣለሁ። ሰው ገጭቶ የሚያመልጥ ሾፌር አለ። ገጭቶ የሚቆምም አለ። አንተ ግን ገጭተህ፣ ቆመህ፣ ሰው ሰብስበህ፣ እንዴት አድርገህ እንደገጨህ ታወራለህ!"

"ጋሼ..."

"ሰምተናል! እኔን የምትጠብቀኝ ጎረቤታችን እዚያ ሥልጠናህ ላይ ነበረች። ለምን ቀሩ ብላ ጠየቀችህ። ምን አልካት?"

ምን እንዳላት ሦስቱም ያውቃሉ። ማንም አልደገመውም።

"በቃህ አንተ ደግሞ፣ ደምህን ታስነሣለህ" አለች አክስቱ ባሏን። ከዚያ የአንቀጽን ትከሻ መታ መታ አደረገችው፤ ሕፃን ሳለ መርፌ ወግታው እንደምታደርገው። "ማወቅህ ይበቃኛል። ስብሰባ ላይ እንዳታነሣው። ስምህ ይበላሻል።"

እዚህ ላይ ነው የባሰበት። ብትጮህበት ወይም ብታባርረው፣ የጥፋቱን ዕዳ ትንሽ የከፈለ ይመስለው ነበር። እሷ ግን አሁንም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የሱን ስም ነው የምትጠብቀው።

በማግስቱ ከአዲሱ ሊቀመንበር ጋር ወርክሾፑ ቢሮ ውስጥ ተገናኙ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ምክትል ሆነው ሳለ ወንበሩ በድንገት የወደቀባቸው፣ ክፋት የማያውቁ፣ ግን ግርግር የሚያስጨንቃቸው ሰው። ገጹን አንብበው ግንባራቸውን ያዙ።

"ጉድ አፈላህ እኮ! አምስት ወር የወሰንነው ሁሉ ሊፈርስ ነው? በሲስተር ፋንታ የተካናት አባልስ?"

"ለጠቅላላ ጉባኤው ቀርቦ የሚጸድቀው ይጸድቃል። የተተካችው አባል ምርጫዋ በደንቡ መሠረት እንደገና ይታያል። ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ጽፈን እናሳውቃለን። መንገድ አለው፣ የኔታ።"

"መንገድ ካለው ደግ። ግን ለምን እንዲህ አፍጥጠን እናወጣዋለን? የሰነድ ችግር ነው በለው። በሕግ ቋንቋ ለስለስ አድርገው። ታውቅበት የለም?"

ያውቅበታል። ቤቱ ሄዶ ጻፈው፤ በአሥር ደቂቃ አለቀ። "በሰነድ አያያዝ ሂደት በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት በአንቀጹ አተረጓጎም ላይ አለመጣጣም መከሰቱ ስለተረጋገጠ..." የሚል ነበር። አምሮ ወጣ። ክፍተቱ ተፈጠረ፣ አለመጣጣሙ ተከሰተ፣ ነገሩ ተረጋገጠ፤ ያደረገ ሰው በአካባቢው ዝር አላለም። አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቦት አተመውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። አክስቴም አታንሣው ብላኛለች አለ ለራሱ። በልቡ ግን ይህቺ በቂ ምክንያት እንዳልሆነች ያውቃል።

ጠቅላላ ጉባኤው ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ወርክሾፑ ውስጥ ተደረገ። ግድግዳው ላይ ክራንች በመጠን በመጠን ተሰቅሏል፤ ጎማና የማሽን ዘይት ይሸታል። መበየጃው ተሸፍኖ ማዕዘን ተገፍቷል። ሠላሳ የሚሆኑ አባላት፣ ገሚሱ በየዊልቸሩ፣ ገሚሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋም ዊልቸር ላይ ናት፤ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ጭኗ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን ትሞክራለች።

ሦስተኛው አጀንዳ "የሕግ አማካሪው ማብራሪያ" ይላል። አንቀጽ ተነሣ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ።

"በሰነድ አያያዝ ሂደት በተፈጠረ..." ብሎ ጀመረ።

ከውጭ፣ ከሲሚንቶው መተላለፊያ፣ የሚጮህ የትንንሽ ጎማ ድምፅ መጣ። ሲጢጥ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ሲጢጥ ይላል። ሰዉ ሁሉ ዞረ። አክስቱ ናት፤ ከቦርድ ብትወጣም የማኅበሩ አባል ናትና ጥሪው ደርሷታል። ጋሼን በዚያ የቢሮ ወንበር እየገፋች፣ አንዱ ጎማ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ እየሄደባት፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ ገባች። በር አጠገብ አቆመቻቸው፤ ራሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የዊልቸር ማኅበር መሥራች ባሏን በቢሮ ወንበር አስራ ስትገፋ ያየ ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ጠፋው። የማኅበሩ በያጅ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

አንቀጽ ወረቀቱን እንደገና አየው። "በተፈጠረ" የሚለው ቃል ላይ ቆሟል። ማን ፈጠረው?

ወረቀቱን አጠፈው።

"ይህን አላነብም" አለ። "ሲስተርን ከቦርድ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ያስወጣኋቸውም ያለ አግባብ ነው። የተመዘገበው ደንብ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ነው የሚለው። ሦስቱን ቃላት በእጄ የጻፍኳቸው ራሴ ነኝ። ኮምፒዩተሬ ላይ ሳላስገባቸው ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ኦሪጅናሉን አልጠየቅኩም፣ መዝገብ ቤት አልሄድኩም፣ ሲስተርንም ለምን ቀሩ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አውቅ ነበር። ጋሼ ታመው እንደነበር ይህ ቤት በሙሉ ያውቅ ነበር። ዘመዴን አወጣሁ እንድባል ነው ያደረግኩት። ተባለልኝም። በየሥልጠናው አውርቼ አስጨብጭቤበታለሁ። ያንኑ የጎደለ ደንብ ለሌሎች ማኅበራትም ሰጥቻለሁ፤ ለሁሉም ስህተቱ የኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ ደብዳቤው ሰኞ ይደርሳቸዋል። ሲስተር ከቦርድ አልወጡም። ውሳኔው ከመጀመሪያውም ዋጋ የለውም።"

ማንም አላጨበጨበም። የሒሳብ አስተማሪው ጫማቸውን ያያሉ። አንቀጽ የሚቀመጥበት ጠፍቶት ቆሞ ቀረ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳን አላወቀም። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው ፊት ቆሟል፤ እንዲህ እርቃኑን የቆመ ግን አልመሰለውም።

መጀመሪያ የተናገረችው ጸሐፊዋ ናት። እንደ ሁልጊዜዋ ነገር ሳይሟላ መስመር የማትዘል ልጅ ናት።

"እንግዲያው አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። "ሲስተር ከቦርድ ካልወጡ፣ እነዚህንም አምስት ወራት የቦርድ አባል ነበሩ ማለት ነው። አምስት ስብሰባ ግን አልተገኙም። መዝገቡ ላይ አምስቱም ቦታ ባዶ ነው። ደንቡ በቂ ምክንያት ይላል። ምን ብዬ ልሙላው?"

የተወሰነ ሰው አጉረመረመ፤ "አሁን ደግሞ ይሄ ምን ጥያቄ ነው?" ያለም አለ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ከአምስት ወር በፊት አንቀጽ ራሱ ሊጠይቀው የሚገባው።

"እኔን ጻፊኝ" አለ።

"እንዴት?"

"ምክንያታቸው እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።"

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ ጻፈች። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲቧጥጥ ይሰማል። ሲያልቅ እንደ ደንቡ ጮክ ብላ አነበበችው፦ "ሲስተር በተከታታይ አምስት ስብሰባ ያልተገኙት በሕግ አማካሪው በወንድማቸው... ይቅርታ፣ በእህታቸው ልጅ ምክንያት ነው።" ከዚያ ቀና ብላ ወደ በሩ ተመለከተች። "ሲስተር፣ ይሄ በቂ ነው?"

ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ከአንቀጽ በቀር። እሱ መዞር አልቻለም።

አክስቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ በግንባሯ ያለውን ላብ ጠረገች።

"በቂ ነው" አለች። "አስፈርሚው።"

ጸሐፊዋ መዝገቡን አዙራ ዘረጋችለት። አንቀጽ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከመስመሩ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ አጭር ፊርማውን አስቀመጠ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማው ከኅዳጉ ወጣ።